ሁለቱ የድምፅ ቀኖች፦ ደቡብ ካሮላይና፣ 1948

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ እኔም የምቸኩልበት ጉዳይ የለኝም። የማወጋችሁ በአሜሪካ ደቡብ በምትገኘው በደቡብ ካሮላይና ግዛት በ1948 ስለተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1941 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን የምጠራው ወርና ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ይሁንልኝ። የምርጫውን ወሬ ከምርጫው ዕለት ብጀምርላችሁ ፍሬውን ሳታገኙት ትቀራላችሁ። ስለዚህ ወደ ሦስት ዓመት ግድም ወደ ኋላ እንመለስና አንድ አውቶቡስ ላይ እንሳፈር።

ወሩ ፌብሩዋሪ፣ ዓመቱ 1946 ነው። ዓለምን ያነደደው ጦርነት ካበቃ ገና መንፈቅ በቅጡ አልሞላውም፤ መንገዱ ሁሉ ወደየቤቱ በሚመለስ ወታደር ተሞልቷል። አይዛክ ዉዳርድ የሚባል የ26 ዓመት ጥቁር ሳጅን ፓስፊክ ድረስ ዘምቶ፣ በዚያው ዕለት ጆርጂያ ውስጥ ካለ የጦር ካምፕ የመሰናበቻ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ሚስቱ ወዳለችበት ወደ ዊንስቦሮ ሊሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገድ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ሾፌሩን ጠየቀ፤ ሾፌሩም ሰደበው፤ እሱም እኔም እንዳንተው ሰው ነኝ ብሎ መለሰለት። ሾፌሩ ነገሩን በሆዱ ቋጥሮ ነዳ፣ ነዳ፣ ባትስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ ሲደርስም አውቶቡሱን አቁሞ ፖሊስ ጠራ። የከተማዋ የፖሊስ አዛዥ ሊንዉድ ሸል መጣ፤ ሳጅኑን አስወርዶ ወሰደው፤ በዱላ ደበደበው፤ ዱላው ዓይኖቹን እስኪያፈርጥ ድረስ ደበደበው፤ ከዚያም እስር ቤት ወረወረውና እዚያ አሳደረው። ሲነጋ ዉዳርድ መንጋቱን አላየም። እንደዚያው ዓይኑ እንደጠፋ እየመሩ ዳኛ ፊት አቀረቡትና 50 ዶላር ተቀጣ። ከዚያ ወዲያ ብርሃን አላየም።

ይህ ሁሉ ከምርጫ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ታገሡኝ፤ ያገናኘው ሁለት ሰው ነው።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ናቸው። በሴፕቴምበር 1946 የጥቁሮች መብት ማኅበር የሆነው የኤንኤኤሲፒ መሪ ዋልተር ዋይት ዋይት ሐውስ ሄደው የሳጅኑን ታሪክ አጫወቷቸው። ትሩማን የሚዙሪ ሰው ናቸው፣ አያቶቻቸው ባሪያ ያሳደሩ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የመድፈኛ ሻምበል ነበሩ። ወታደር የወታደርን ነገር ሲሰማ ሌላ ነው፤ የሀገሩን ልብስ ለብሶ ከጦር ሜዳ የተመለሰን ልጅ የገዛ ሀገሩ ፖሊስ ዓይኑን አጠፋው ሲባል ደማቸው ፈላ። ከዚያም የዜጎችን መብት የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴውም በ1947 ማለቂያ ላይ ሪፖርቱን አወጣ፤ እሳቸውም በፌብሩዋሪ 1948 ለኮንግረሱ በላኩት መልእክት ጥያቄያቸውን ዘረዘሩ፤ ሰውን በመንጋ ሰቅሎ መግደል በፌደራል ሕግ ያስቀጣ፣ ለመምረጥ የሚከፈለው ግብር ይቅር፣ በሥራ ቅጥር ዘር አይታይ አሉ። ደቡብም ተንጫጫ።

ሁለተኛው ዳኛ ዌይቲስ ዌሪንግ ናቸው። ዌሪንግ የቻርልስተን ሰው፣ ከጥንት ነጭ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ስልሳን የዘለሉ፣ በከተማቸው ክለብ ውስጥ ወንበራቸው የታወቀ ጨዋ ነበሩ። የፖሊስ አዛዡ ሸል በፌደራል ሕግ ተከሶ በኖቬምበር 1946 ኮሎምቢያ ከተማ ሲቀርብ ችሎቱ የደረሰው እሳቸውን ነው። ጁሪዎቹ በሙሉ ነጮች ነበሩ። ክርክሩ አልቆ ጁሪዎቹ ሊመክሩ ሲገቡ ዳኛው አንድ ነገር አደረጉ፤ ወደ ውጭ ወጥቼ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግሬ ልንሸራሸር ነው፣ እስክመለስ ውሳኔ አይሰማም ብለው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ጁሪዎቹ ገብተው በአምስት ደቂቃ እንዳይመለሱና የሰው ዓይን በአምስት ደቂቃ እንዳይመዘን ፈርተው ነው። የቻሉት ይህችኑ ብቻ ነበር። ሲመለሱ ጁሪዎቹ ጨርሰው ይጠብቃሉ፤ ሸል ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ምክክር ነፃ ነህ ተባለ። ችሎቱን ቁጭ ብለው ሲከታተሉ የነበሩት የዳኛው ባለቤት ኤሊዛቤት እያለቀሱ ወጡ። ባልና ሚስቱም ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስለ ደቡብና ስለ ዘር የተጻፉ መጻሕፍትን አብረው ያነቡ ጀመር።

አሁን ወደ ምርጫው ጉዳይ እንግባ።

ደቡብ ካሮላይና ያን ጊዜ የአንድ ፓርቲ ግዛት ነበረች። ከ1880 እስከ 1944 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሁሉ ሳታጓድል ለዴሞክራቶች ድምፅ ሰጥታለች። በ1936 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከመቶ 98 ከግማሽ አግኝተዋል፤ የሪፐብሊካኑ ዕጩ ከመላው ግዛት ያገኙት 1,646 ድምፅ ብቻ ነው። ሪፐብሊካን ማለት የሊንከን ፓርቲ፣ ባሪያ ነፃ ያወጣው፣ ደቡብን በጦርነት ያንበረከከው ፓርቲ ማለት ነውና ለነጩ ስሙን መጥራት እንኳ የሚያሳፍር ነበር። በ1940 ቆጠራ ከግዛቲቱ ሕዝብ ከመቶ 43 ያህሉ ጥቁር ነው፤ ነገር ግን በ1895 ቤን ቲልማን ያስጻፉት ሕገ መንግሥት በግብር፣ በንባብ ፈተናና በንብረት መጠን እያሳበበ ያን ሕዝብ ከምርጫ ዝርዝር ጠርጎ አውጥቶታል።

አንድ ፓርቲ ብቻ ባለበት አገር ሰው የሚመረጠው በምርጫው ቀን አይደለም። ፓርቲው ዕጩዎቹን በሚያጣራበት፣ ፕራይመሪ በሚባለው ቀን ነው። እዚያ ያሸነፈ ሹመቱን ወሰደ፤ በኖቬምበር የሚደረገው ማጽደቂያ ብቻ ነው። የፕራይመሪው በር ደግሞ ለነጮች ብቻ የተከፈተ ነበር፤ ፓርቲው ደንቡ ላይ ጽፎ አስቀምጦታል።

በአፕሪል 1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቴክሳስን የነጮች ፕራይመሪ ሕገ ወጥ ነው ሲል ደቡብ ካሮላይና ደነገጠች፤ አገረ ገዢው ኦሊን ጆንስተን ምክር ቤቱን በአስቸኳይ ጠሩ፤ የነጩ የበላይነት አይነካም ብለው ተናገሩ፤ ምክር ቤቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ፕራይመሪን የሚመለከቱ 150 ያህል ሕጎችን ከመጽሐፉ ፋቀ። ለምን? ሕግ ከሌለ መንግሥት የለበትም፤ መንግሥት ከሌለበት ፓርቲው የግል ክበብ ነው፤ የግል ክበብ ደግሞ የወደደውን ያስገባል፣ ያልወደደውን በር ላይ ይመልሳል። ብልጠት ነው እንጂ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ጥቁሮቹም ዝም አላሉም። ጆን ማክሬይ የሚባሉ የጋዜጣ አዘጋጅና ከአውሮፓ የተመለሱት አርበኛ ኦሲዮላ ማኬይን ሆነው በዚያው በ1944 ፕሮግረሲቭ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የሚባል የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በበጋውም ልዑካኑ ቺካጎ ድረስ ተጉዘው የዴሞክራቶቹ ጉባኤ ወንበር እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ተከለከሉ። ያንን ሁሉ መንገድ ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ሰው እያስመዘገቡ፣ እያስተማሩ፣ ሳንቲም እየለቀሙ።

አሁን ጆርጅ ኤልሞርን ላስተዋውቃችሁ። ኤልሞርን እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፤ በአገራቸው ነጭ ጥቁሩን የቱንም ያህል ቢያረጅ በስሙ ብቻ ነበር የሚጠራውና እዚህ እንኳ ይከበሩ። ኤልሞር ኮሎምቢያ ከተማ ትንሽ የዕቃ ሱቅ ነበራቸው፤ ታክሲም ይነዱ ነበር፤ ፎቶግራፍም ያነሡ ነበር። እንደሚነገረው መልካቸው ቀላ ያለ ስለነበር መዝጋቢዋ ጥቁር መሆናቸውን ሳታውቅ በፓርቲው መዝገብ ላይ ስማቸውን አሰፈረች። ኦገስት 13 ቀን 1946 በፕራይመሪው ዕለት ድምፃቸውን ሊሰጡ ከወገኖቻቸው ጋር ሄዱ፤ አይሆንም ተብለው ተመለሱ።

ያን ዕለት በዚያ ፕራይመሪ ለአገረ ገዢነት ይወዳደሩ ከነበሩት አንዱ የኤጅፊልዱ ስትሮም ቱርመንድ ነበሩ፤ ከሁሉም ቀድመው ወጡ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም በመለያው አሸነፉ፤ አገረ ገዢም ሆኑ። ቱርመንድን ያን ጊዜ ብታገኟቸው አዲስ ሰው ትሏቸው ነበር። በፌብሩዋሪ 1947 ዊሊ ኧርል የሚባል ጥቁር ወጣት ግሪንቪል አጠገብ በመንጋ ሲገደል አገረ ገዢው ገዳዮቹ እንዲከሰሱ አደረጉ፤ ሠላሳ አንድ ሰው ተከሰሰ፤ አብዛኞቹ የታክሲ ሾፌሮች ነበሩ። በመጨረሻ የተፈረደበት የለም፣ ግን መከሰሳቸው ራሱ ለዚያ አገር እንግዳ ነገር ነበር። ኧርል በተገደለ በአራተኛው ቀን ደግሞ ሌላው የታክሲ ሾፌር፣ ኤልሞር፣ በፌደራል ፍርድ ቤት ፓርቲውን ከሰሱ፤ ከጠበቆቻቸው አንዱ ሰርጉድ ማርሻል ነበሩ። ጉዳዩን ያዩት ደግሞ ማን መሰሏችሁ? በሃያ ደቂቃ ጉዞ ውሳኔ ያዘገዩት ዌሪንግ።

ጁላይ 12 ቀን 1947 ዌሪንግ ፈረዱ። የግል ክበብ የአሜሪካን ፕሬዚዳንት አይመርጥም አሉ፤ ደቡብ ካሮላይናም ወደ ኅብረቱ የምትመለስበት ጊዜ ደርሷል አሉ። እንዲህ ያለ ቃል ከቻርልስተን ጨዋ ልጅ አፍ ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ የከተማቸው ሰዎችም ሰላምታ ነፈጓቸው። ፓርቲው ይግባኝ አለ፤ ተረታ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በአፕሪል 1948 አላየውም አለ። ፓርቲው ግን ሌላ ዘዴ አመጣ። ድምፅ መስጠት የሚፈልግ ሁሉ ቃለ መሐላ ይፈጽም አለ፤ መሐላውም በዘሮች መለያየት አምናለሁ፣ ሥራ ላይ ዘር አይታይ የሚለውንም ሕግ እቃወማለሁ የሚል ነው። ጥቁሩን አንገትህ ላይ ገመዱን ራስህ አጥልቅና ግባ ማለታቸው ነው። የግሪንቪል፣ የሎረንስና የፒክንስ አውራጃ የፓርቲ ሰዎች እንኳ ይህን አንሠራበትም ብለው ጥቁሮቹን መዘገቡ፤ ይህንንም ለእነሱ ልንመሰክርላቸው ይገባል። የቦፈርቱ ዴቪድ ብራውን ከሰሱ፤ ጉዳዩ አሁንም ዌሪንግ ዘንድ ቀረበ፤ በጁላይ 1948ም መዝገቡ እስከ ወሩ መጨረሻ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ትእዛዜን የጣሰ የፓርቲ ሹም እስር ቤት ይገባል ብለው አስጠነቀቁ።

ከዚያም ኦገስት 10 ቀን 1948 ደረሰ። ኦገስት በዚያ አገር ሙቀቱ ወበቅ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሸሚዝ ከጀርባ ይጣበቃል። ወደ 35,000 የሚጠጉ ጥቁሮች በዚያ ቀን ወጥተው ተሰለፉና ድምፃቸውን ሰጡ። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደር፣ የትምህርት ቤት አስተማሪው፣ አጣቢዋ፣ ቄሱ፣ የጥጥ አራሹ፤ አያቶቻቸው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ለአጭር ዘመን ድምፅ ሰጥተው ያወቁ፣ እነሱ ግን አይተውት የማያውቁ። ቀኑም ያለ ደም አለፈ። የታሪክ መጻሕፍት ስለዚያ ዓመት ምርጫ ሲያወሩ ወደ ኖቬምበር ይሮጣሉ፤ እኔ ግን የደቡብ ካሮላይና እውነተኛ ምርጫ ኦገስት ላይ ነበር ባይ ነኝ፤ የኖቬምበሩ የተቆጣ ሰው መልስ ነው።

ቁጣው የተነሣው እንዲህ ነው። በዚያው በጁላይ አጋማሽ ዴሞክራቶቹ ፊላዴልፊያ ላይ ጉባኤ ተቀመጡ፤ የሚኒያፖሊሱ ከንቲባ ሂዩበርት ሃምፍሪ ተነሥተው ፓርቲው ለሰው ልጅ መብት ይቁም ብለው ተናገሩ፤ ጉባኤውም ተቀበለ፤ የሚሲሲፒ ልዑካን በሙሉ፣ የአላባማ ደግሞ ግማሾቹ ጥለው ወጡ። በሦስተኛው ቀን በርሚንግሃም ከተማ ታላቅ ስብሰባ ተደረገ፤ የድሮውን የደቡብ ጦር አዛዥ የጄኔራል ሊን ሥዕል ተሸክመው የዘመሩ ነበሩ፤ ለፕሬዚዳንትነትም ስትሮም ቱርመንድን አጩ። እኒያ ገዳዮችን ያስከሰሱት አዲስ ሰው አሁን የዘር መለያየትን ጦር ሠራዊት ቢመጣ እንኳ አያፈርሰውም እያሉ ጮኹ። ሰዉ ዲክሲክራት አላቸው። ሐሳባቸው የማሸነፍ አልነበረም፤ ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት ወኪል መራጮች 127ቱን የደቡብ ይዘው ማንም ከግማሽ በላይ እንዳያገኝ ማድረግና ነገሩን ተወካዮች ምክር ቤት ወስዶ መደራደር ነበር።

አንድ ነገር በመካከል ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ማንም በአደባባይ አያወራውም። በዚያው ዘመን ኦሬንጅበርግ በሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ ኤሲ ሜይ የምትባል ተማሪ ነበረች። እናቷ በወጣትነቷ የቱርመንድ ወላጆች ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ አባቷ ራሳቸው ቱርመንድ ነበሩ። ገንዘብ ይረዷት ነበር፤ አባትነታቸውን ግን በአደባባይ አልተናገሩም፤ እሷም አልተናገረችም።

አሁን ኖቬምበር 2 ነው። የደቡብ ካሮላይና የድምፅ አሰጣጥ ምን ይመስል እንደነበር ልብ በሉ። ዛሬ የምናውቀው አንድ ወረቀት፣ መጋረጃና ምስጢር በዚያ ግዛት አልነበረም፤ ምስጢራዊው ወረቀት የገባው በ1950 ነው፣ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ መጨረሻ። በ1948 እያንዳንዱ ወገን የራሱን ወረቀት ያሳትማል፤ ወረቀቶቹ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ መራጩ ሰው እያየው እጁን ዘርግቶ አንዱን ያነሣል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። የግዛቱ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ስሙንና መዋቅሩን ለቱርመንድ ሰጥቷል፤ የገዛ አገሪቱ ፕሬዚዳንት የትሩማን ወረቀት ለብቻው በጎን ተቀምጧል። የፋብሪካው ጌታ፣ ዱቤ ሰጪው ነጋዴ፣ ሸሪፉ ቆመው የሚያዩበት ጠረጴዛ ላይ የትሩማንን ወረቀት ማንሣት እጅን አያንቀጠቅጥም ብላችሁ ነው? በአላባማማ ይባስ ብሎ የትሩማን ስም ከነጭራሹ ወረቀት ላይ አልወጣም።

ቆጠራው እንዲህ ሆነ። ቱርመንድ 102,607፣ ከመቶ 72 ያህል፤ ትሩማን 34,423፤ ሪፐብሊካኑ ቶማስ ዱዊ 5,386። ሁለት ሚሊዮን ግድም ሕዝብ ባለበት ግዛት ድምፅ የሰጠው ከመቶ አርባ ሺህ ጥቂት የዘለለ ነው። ትሩማን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በበዛበት በላይኛው አገር ጠንከር አሉ፤ ጥቁሩ በበዛበት በቆላው አገር ደግሞ ቱርመንድ በረቱ፤ ጥቁሩ በበዛ ቁጥር የመምረጥ መብቱ የጠበበ ነበርና፣ ነጩም የባሰ ይፈራ ነበርና። ቱርመንድ ደቡብ ካሮላይናን፣ ሚሲሲፒን፣ አላባማንና ሉዊዚያናን ወሰዱ፤ በአራቱም የፓርቲውን ስም ይዘው ነው የቀረቡት፤ ከቴኔሲ ከተገኘው አንድ ወኪል ጋር 39 ሆነላቸው። ትሩማን ግን 303 አገኙ፤ ዱዊ አሸነፈ ብሎ የቸኮለውን የቺካጎ ጋዜጣ ከፍ አድርገው ይዘው እየሳቁ ፎቶ ተነሡ። አራቱ ግዛቶች ሠላሳ ስምንቱን ይዘው ቢያኮርፉም ፕሬዚዳንቱ ያለ እነሱ ተመረጡ፤ ይህን ብዙ ሰው አስቀድሞ አላሰበውም ነበር።

ከዚያ በኋላስ? ቱርመንድ በ1954 ወደ ሴኔት ገቡ፤ ለአሥርት ዓመታት እዚያው ተቀመጡ፤ በ1964 ሪፐብሊካን ሆኑ፣ ግዛቲቱም በዚያው ዓመት ሪፐብሊካን መረጠች። በ2003 በመቶ ዓመታቸው ሞቱ፤ ኤሲ ሜይም ከስድስት ወር በኋላ አባቴ ናቸው ብላ ተናገረች፤ ኮሎምቢያ በሚገኘው ሐውልታቸው ላይ ስሟ ከልጆቻቸው ስም ጋር ተቀረጸ። ሳጅን ዉዳርድ ኒው ዮርክ ሄዶ ኖረ፤ እስከ 1992 ኖረ። ዳኛ ዌሪንግ ቤታቸው ድንጋይ ተወረወረበት፤ የሚያናግራቸው ጠፋ፤ በ1952 ሥራቸውን ትተው ከባለቤታቸው ጋር ቻርልስተንን ለቀው ወጡ፤ በ1968 ሞተው ግን እዚያው ቻርልስተን ተቀበሩ። ዛሬ የከተማዋ የፌደራል ፍርድ ቤት ሕንፃ በስማቸው ይጠራል።

የኤልሞር ነገር ግን ይከብደኛል። ዕቃ አቅራቢዎች ሱቃቸውን ራቁት፤ ባንክ ብድሩን ጠራ፤ የነጭ የበላይነት አራማጁ ኩ ክለክስ ክላን ደጃፋቸው ላይ መስቀል አቃጠለ፤ የባለቤታቸው ጤና ታወከ፤ ቤታቸው ተበተነ። የሠላሳ አምስት ሺህ ሰው በር የከፈቱት ሰው በ1959 ደህይተው ሞቱ። የምርጫ መብት ሕግ የወጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የከሰሰችውም ይህችው ደቡብ ካሮላይና ናት፤ በማርች 1966 ተረታች።